ከሚኒስትርነት ወደ በረሃ፦ የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ጉዞና የተዘጋው የዕርቅ በር

፩. መነሻ

በሚኒያፖሊስ ደቡባዊ ዳርቻ፣ እኛ በምንኖርባት በሪችፊልድ ከተማ፣ ኢትዮጵያውያን ከሁሉም ወገን ተሰባስበው የሚቀመጡበት ስፍራ የስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው። በአዳራሽ የማይገናኙ ሰዎች በለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ ይቀባበላሉ። አንደኛው በ1969 ዓ.ም. በሚሊሻነት ተመልምሎ ወደ ሑመራ ግንባር የዘመተ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው በዚያው ዓመት በዚያው ግንባር ከወዲያኛው ምሽግ የነበረ፣ ኋላም ገዳሪፍ በስደተኛነት ሰንብቶ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በከፈተው መንገድ እዚህ የደረሰ። ሁለቱም ስለዚያ ዘመን አይነጋገሩም። አንዳንዴ ግን ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ለመሆኑ አንድ ሚኒስትር የነበረ፣ ሀገረ ገዥ የነበረ ሰው ምን ነክቶት ጫካ ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤቱ ጸጥ ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩምን ሕይወት ነው። የምንጽፈው ለማወደስም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም። ስለ እርሳቸው እስካሁን በስደቱ ዓለም ሲነገር የኖረው በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የዘውድ ወዳጆች ሙገሳ፣ ወይ «ፊውዳል» በሚል አንድ ቃል ጉዳዩን የሚዘጋ ውግዘት። ሁለቱም አንድ ነገር ይስታሉ። የልዑልነታቸው ጉዞ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ ሳይሆን፣ በሀገራችን ለዘመናት የኖረ የፖለቲካ ልማድ የፈረሰበት ምዕራፍ ነው ብለን እናምናለን። (ዘመኑ በሀገራችን አቈጣጠር የተጻፈ ሲሆን፣ የውጭውን ስንጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እንላለን።)

፪. ሰውዬውና ሹመቱ

ልዑል ራስ መንገሻ የልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ የራስ መንገሻ ዮሐንስ የልጅ ልጅ፣ በዚህም ለዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ አራተኛ ትውልድ ናቸው። በጥር ወር 1941 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታን አገቡ። ጋብቻው የትግራይንና የሸዋን ቤት ያስተሳሰረ፣ በአሮጌው ሥርዐት ቋንቋ ሲነገር የመንግሥት ጉዳይ የነበረ ጋብቻ ነው።

በአርሲና በሲዳሞ ሀገረ ገዥነት ከሠሩ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሥራና የመገናኛ ሚኒስትር ሆኑ። መንገድ፣ ድልድይና ስልክ የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተረሸኑት ባለሥልጣኖች አንዱ አባታቸው ልዑል ራስ ሥዩም ነበሩ። ልጅየው በአባታቸው ቦታ የትግራይ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው እስከ 1967 ዓ.ም. መባቻ ቈዩ።

በመቀሌ ያለው የሕዝብ ትዝታ ልዑልነታቸውን የሚያስታውሳቸው በዙፋን ላይ ሳይሆን በቡልዶዘር ላይ ተቀምጠው መንገድ ሲጠርጉ ነው። መኳንንት በእጁ መሥራትን በሚንቅበት ሀገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ለእርሻና ለኢንዱስትሪ ልማት ኩባንያ እንዲቋቋም አድርገዋል። በሚኒስትርነት የተማሩትን በሀገረ ገዥነት ሥራ ላይ አዋሉት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም የዚህ ሥራ ወሰንም መታወቅ አለበት። የመንገዱ ጥርጊያ የመሬቱን ሥሪት አልነካም። የ1965ና የ66ቱ ረሃብ ወሎን ብቻ ሳይሆን ትግራይንም መታ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት የትግራይ ልጆች በልዑልነታቸው ላይ ያዩት ቡልዶዘሩን ሳይሆን ዘሩንና ሥርዐቱን ነበር። ይህ የትውልድ መራራቅ ከሁለት ዓመት በኋላ በጥይት የሚነጋገር ሆነ።

፫. የመሸፈት ሕግ

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ቃል አብሮን እንዲመረምር እንለምናለን፤ እርሱም «ሸፈተ» የሚለው ነው። በዛሬው አነጋገር ሽፍታ ማለት ዘራፊ ማለት ሆኗል። በአሮጌው የሀገራችን ፖለቲካ ግን ባላባት ወይም ሹም ሲሸፍት አቤቱታውን በጦር አፍ ያሰማ ነበር። ለዚህም ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። የሸፈተው ሰው ሁለት መውጫ አለው፤ ከበረታ ዙፋን ይይዛል፣ ካልበረታ በካህናትና በሽማግሌዎች አማላጅነት ድንጋይ ተሸክሞ ገብቶ ይታረቃል። ብዙ ጊዜም ታርቆ ይሾማል።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በሸፈቱ ጊዜ የየጁ መሳፍንት ያደረጉት የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ድረው ግዛት መስጠት ነበር። ዕርቁ አልሰነበተምና ካሣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በእርሳቸው ላይ ያመፁት የትግራዩ ካሣ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። የልዑል ራስ መንገሻ አያት ራስ መንገሻ ዮሐንስ በበኩላቸው በዐፄ ምኒልክ ላይ አምፀው በ1891 ዓ.ም. ከገቡ በኋላ አንኮበር ታግተው እዚያው አረፉ። በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ እንግዲህ ሁለቱም መውጫዎች ይታያሉ፤ ዙፋኑም ግዞቱም።

በቅርቡም ዘመን ቢሆን ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት ከነፃነት በኋላ ይሾማሉ፣ ይታሰራሉ፣ ተፈተው እንደገና ይሾማሉ፤ በ1962 ዓ.ም. ከፖሊስ ጋር ተታኩሰው እስከ ሞቱ ድረስ ከዙፋኑ ጋር የነበራቸው ጠብ ዕርቅ ያልተለየው ጠብ ነበር። በአንጻሩ በ1937 ዓ.ም. የበላይ ዘለቀ መሰቀል ያ በር ለሁሉም እኩል እንዳልተከፈተ ያሳያል። በሩ ግን ነበረ። አማላጅ ነበረ፣ አማላጅን የሚሰማም ነበረ።

፬. ሁለት ቀኖች

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በተከታዮቹ ወራት ደርግ ልዑል ራስ መንገሻ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ጠራቸው። ባልደረቦቻቸው ታስረዋል፤ ባለቤታቸው ልዕልት አይዳም ከንጉሣዊው ቤተሰብ ጋር ታስረው ወደ አሥራ አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በወህኒ ሊኖሩ ነው። ልዑልነታቸው ጥሪውን ትተው ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በረሃ ገቡ።

በዚያው ሰሞን የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነርሱም መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ እንዲሁም የልዕልት አይዳ ወንድም ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ። የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም ራሳቸው የሞቱት በዚያው ቀን ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባ ሰው የለም፤ የሚገባበት ደጅ የለምና። አማላጅ ካህን ቢገኝ እንኳ አማላጅነቱን የሚቀበል መንግሥት አልነበረም።

ሁለተኛው ቀን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የአሮጌውን ሽፍትነት ኢኮኖሚ ነቀለ። ሽፍታው ባላባት ሠራዊት የሚያበላው በጉልቱና በወዳጆቹ ጉልት ነበር። አሁን ጉልትም ጭሰኛም የሚባል ነገር በሕግ ቀረ። በኅዳር 14 የዕርቁ በር ተዘጋ፣ በየካቲት 25 ወደ ዙፋን የሚያወጣው መሰላል ተሰበረ። ልዑል ራስ መንገሻ የገቡበት በረሃ ሁለቱም መውጫዎች የጠፉበት በረሃ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

፭. ኢዲዩ፦ መነሣቱና መውደቁ

በስደት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ኢዲዩ» ያለው ድርጅት፣ ልዑል ራስ መንገሻን፣ በለንደን አምባሳደር የነበሩትን ሌተና ጄኔራል ኢያሱ መንገሻንና የቤጌምድርና ሰሜን ገዥ የነበሩትን ጄኔራል ነጋ ተገኝን በአመራሩ አሰባሰበ። ስሞቹን ስናይ አንድ ሚኒስትር፣ አንድ አምባሳደር፣ አንድ ሀገረ ገዥ እናገኛለን። ድርጅቱ ከአዲስ አበባ የተሰደደ መንግሥት ይመስል ነበር። ብርታቱም ድክመቱም ከዚሁ የመነጨ ነው።

ብርታቱ፣ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩት፤ ከውጭ መንግሥታት ጋር መነጋገር ይችል ነበር፤ ስሙ ሲጠራ የሚከተል ሰው አያጣም ነበር። በትግራይ «ጠርናፊት» የተባለው ቡድን ከእርሱ ጋር ተቀላቀለ። በቤጌምድር ርስቱን የሚፈራ ገበሬ፣ በሑመራ ደግሞ የሰሊጥና የጥጥ እርሻው ከነትራክተሩ የተወረሰበት ባለሀብት ጠመንጃውን ይዞ መጣ። በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ በካርቱም ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ከአዲስ አበባና ከትሪፖሊ ጋር የተቃቃሩት ፕሬዝዳንት ኒሜሪ ድንበራቸውን ከፈቱለት። በ1969 ዓ.ም. አጋማሽ ሑመራና መተማ በእጁ ገቡ፤ ጎንደርም ተሰጋላት።

ድክመቱ ደግሞ እንደሚከተለው ይመስለናል። አንደኛ፣ የያዘው ከተማና መንገድ እንጂ መንደር አልነበረም። መንግሥት ሆኖ የኖረ ሰው መንግሥትን የሚያየው በከተማ፣ በጉምሩክና በአውራ ጎዳና ነው። የመንገድ ሚኒስትር የነበሩት መሪ ለመንገድ መዋጋታቸው አያስደንቅም። ከተማን የያዘ ግን ከተማን መከላከል አለበት፤ ይህም መደበኛ ሠራዊት ካለው ጋር በመደበኛ ጦርነት መግጠም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ገደማ በታጠቅ ጦር ሰፈር ጭምር የሠለጠነው የገበሬ ሚሊሻ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲዘምት ሑመራና መተማ ተመልሰው ተያዙ።

ሁለተኛ፣ የሱዳን ድጋፍ የሱዳን ጥቅም ተከታይ ነበር። ጀርባውን ለባዕድ ድንበር ሰጥቶ የሚዋጋ ድርጅት የጎረቤቱን ፊት እያየ ያድራል።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ለመሬት ጥያቄ የሚታመን መልስ አልነበረውም። ድርጅቱ የፈለገውን ፕሮግራም ቢጽፍ ገበሬው የሚያነበው የመሪዎቹን ስም ነበር። ራስ የሚለው ማዕርግ ብዙ ተከታይ ያመጣውን ያህል፣ «ተመልሰው መጡ» የሚል ስጋትም አመጣ። ሚሊሻው የዘመተው በግዳጅ ብቻ አልነበረም፤ ከደቡብ የመጣው ብዙው የተዋጋው አዲስ ያገኘውን መሬት የሚነጥቅ ባላባት መጣ ተብሎ ተነግሮት፣ አምኖም ነበር። በሪችፊልድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ከሚቀመጡት ከሁለቱ ሰዎች መካከል የቆመው ነገር እስከ ዛሬ ይኸው ነው። አንዱ ርስቱን፣ ሌላው ድርሻውን ሊያስከብር ነበር የተኰሰው፤ ሁለቱም መሬት አልቀረላቸውም።

በትግራይ የነበረው ፉክክር ይህን ይበልጥ ያብራራል። በየካቲት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ደደቢት የወጡት ጥቂት ተማሪዎች ከልዑልነታቸው ጋር ሲነጻጸሩ ስምም ገንዘብም አልነበራቸውም። ወደ ደደቢት መንገድ የመሯቸው የሽሬው ገሠሠው አየለ የቀድሞ የምክር ቤት አባል እንጂ ሚኒስትር አልነበሩም። ነገር ግን መንደር ለመንደር ዞሩ፣ በያዙት ቦታ መሬት አከፋፈሉ፣ የገበሬውን ልጅ አስታጠቁ። በ1968ና በ1971 ዓ.ም. መካከል በሽሬና በአካባቢው በተደረገው የእርስ በርስ ውጊያ ጠርናፊትና ኢዲዩ ከትግራይ ተገፍተው ወጡ። በዐፄ ዮሐንስ ርስት ላይ የዐፄ ዮሐንስ ዘር በተማሪዎች ተሸነፈ። ተማሪዎቹ ኋላ መንግሥት ሲሆኑ ያደረጉት ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው፤ እዚህ የምንለው ድል ያደረገው ስም ሳይሆን አደረጃጀት መሆኑን ብቻ ነው።

፮. ሌሎች የአፍሪካ ሚኒስትሮች

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ፒየር ሙሌሌ በ1960 እ.ኤ.አ. በፓትሪስ ሉሙምባ ካቢኔ የኮንጎ ትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ሉሙምባ ከተገደሉ በኋላ ወደ ቻይና ሄደው ሠልጥነው በ1964 በተወለዱበት በክዊሉ ገበሬውን አስነሡ። አመፁ ከተሸነፈ በኋላ በ1968 የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው ከብራዛቪል ወደ ኪንሻሳ ቢመለሱ የሞቡቱ መንግሥት ገደላቸው። የዕርቅ በር ተከፍቶ ሳይሆን ወጥመድ ሆኖ ነበር የጠበቃቸው።

ዩዌሪ ሙሴቬኒ በአንጻሩ ኢዲ አሚን ከወደቁ በኋላ በ1979 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳ መከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። የ1980ውን ምርጫ ውጤት አንቀበልም ብለው በየካቲት 1981 ጫካ ገቡ፤ በጥር 1986 ካምፓላን ያዙ። እርሳቸው በሉዌሮ ያደረጉት ልዑል ራስ መንገሻ ያላደረጉት ነው፤ ከተማ ከመያዛቸው በፊት በየመንደሩ የሕዝብ ምክር ቤት አቋቋሙ። ነገር ግን በዚያ መንገድ የመጣው ሥልጣን በምርጫ ሲለወጥ አልታየም። በጫካ በር የገባ በሌላ በር መውጣት ይከብደዋል።

ከነዚህ ከሦስቱ የምንማረው፣ ሚኒስትርነት ለአማፂ መሪ ስምና ዕውቀት እንጂ ሕዝብ እንደማያወርስ ነው። ሕዝቡ እንደ አዲስ መገኘት አለበት። ቢገኝም እንኳ ዋጋው ከባድ ነው።

፯. በሩ ዛሬ

ልዑል ራስ መንገሻ ከረጅም ስደት በኋላ፣ ደርግ ከወደቀ ወዲህ፣ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል፤ የሕይወት ታሪካቸውንም በአማርኛ ጽፈው አሳትመዋል። እርሳቸው የተመለሱበት መንገድ ግን ለሁሉ የሚሆን ሕግ አላወጣም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሎኔል ጎሹ ወልዴ በ1979 ዓ.ም. ከመንግሥታቸው ጋር ባልተስማሙ ጊዜ መልቀቂያቸውን ያሰሙት ኒው ዮርክ ላይ ነው። አንድ ሚኒስትር «አልስማማም» ለማለት ውቅያኖስ መሻገር ካለበት፣ የሀገሩ መንግሥት መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ በተለያየ መልክ ተደጋግሟል። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በ1997ቱ ምርጫ ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ወህኒ ወረዱ፣ በስደት የትጥቅ ትግል ያወጀ ድርጅት መሩ፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ተመልሰው በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል በበኩላቸው የፌዴራሉ የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስትር የነበሩ ሲሆን፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ያን አሠቃቂ ጦርነት በአንድ ወገን በኩል፣ ከፊሉን ጊዜ ከበረሃ ሆነው፣ መሩ። ሰዎቹን አናመሳስልም፤ ዘመናቸውም ዓላማቸውም ይለያያል። የምናመሳስለው መንገዱን ነው። ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወንበር እስከ በረሃ ዋሻ ያለው ርቀት በሀገራችን ዛሬም አጭር ነው፤ በመካከሉ ያለቀውን ሕዝብ ግን ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

እኛ በስደት ያለን ምሁራን በዚህ ጉዳይ ከደሙ ንጹሕ ነን ማለት አይቻለንም። ከመካከላችን ሹሞቹ ሥልጣን ላይ ሳሉ ያጨበጨበላቸው፣ ጫካ ሲገቡ ደግሞ «አይዞህ» ያላቸው፣ ሲሸነፉ ረስቷቸው ሌላ ጀግና የፈለገ ጥቂት አይደለም። አሮጌውን የሽፍትነትና የዕርቅ ልማድ እንመልስ አንልም፤ ያ ልማድ የመኳንንት ልማድ ነበር፣ ገበሬውን የሚያስታውሰው ስንቅ ሲያስጭን ብቻ ነው። ነገር ግን ካፈረስነው ወዲህ በቦታው ያቆምነው ነገር የለም። የዕርቁን ሥራ ካህንና ሽማግሌ ትተውት ፍርድ ቤት፣ ፓርላማና ነጻ ምርጫ ሊረከቡት ይገባ ነበር፤ አልተረከቡትም። ሚኒስትር ከሥልጣኑ ወርዶ ወደ ወህኒ ሳይሆን፣ ወደ በረሃም ሳይሆን፣ ወደ ሪችፊልድም ሳይሆን፣ ወደ ገዛ ቤቱ የሚሄድበት በር ነው የጎደለን።

ለጠየቀን ወጣት የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ልጄ፣ ያ ሰው ጫካ የገባው ጫካ ስለ ወደደ አይደለም። ጥሪውን ተቀብሎ አዲስ አበባ የገባው ባልደረባው ኅዳር 14 ሌሊት ተረሽኗል። መሞት ወይም መግደል ብቻ የቀረለት ሰው የሚመርጠውን መረጠ፤ ሲመርጥም ብዙ የሰው ልጅ ተከትሎት ገብቶ አልወጣም። ከነዚያ የቀሩት ሁለቱ ዛሬ በዚህ ቤት ንፍሮ ይቀባበላሉ። እነርሱ ሳያልፉ ያዩትን ጠይቀህ ጻፈው፤ የሚሠራው በር የት ላይ መከፈት እንዳለበት ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ